የአንጎል ምስል ምርምር ቡድን አባል ለመሆን፦ ከዝግጅት እስከ መጀመሪያዎቹ የሥራ ወራት

የአንድን ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ምስል ላብራቶሪ የአባላት ዝርዝር ስታዩ ከአሥር የማያንሱ፣ አንዳንዴም ሠላሳ የሚደርሱ ስሞች ታገኛላችሁ። አብዛኛው አመልካች ከላይ ያለውን አንድ ስም ብቻ ይወስድና ረጅም ደብዳቤ ጽፎ መልስ ይጠብቃል። መልሱ ሲቀር ውጤቴ አንሶ ነው ብሎ ያዝናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ደብዳቤው ቡድኑ ምን ዓይነት ሰው እንደጎደለው፣ አመልካቹም የትኛውን ሥራ ሊያቃልል እንደሚችል አያሳይም። አንድ ቡድን አዲስ ሰው ሲቀበል ሁለት ነገር በአደራ ይሰጠዋል፤ ስካነር ውስጥ የሚተኛውን ሰውና የተቀዳውን ዳታ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሁለት አደራዎች የምትበቁ መሆናችሁን እንዴት ማሳየት እንደምትችሉ የሚያስረዳ ነው። የጻፍኩት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ልቦና፣ ሕክምና፣ ባዮሜዲካል ምህንድስና፣ ፊዚክስ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለተማሩ፣ እንዲሁም በውጭ አገር እያደጉ ወደዚህ ሙያ ለሚያዩ ወጣቶች ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ

ቡድኑን የሚመራው ዋና ተመራማሪ ነው፤ በዘልማድ «ፒአይ» ይባላል። ጊዜው የሚያልቀው የምርምር ገንዘብ በማፈላለግ፣ ጽሑፍ በማረም፣ በማስተማርና ቡድኑ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚያተኩር በመወሰን ነው። ስካነሩ አጠገብ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ፖስትዶክ አለ፤ ዶክትሬቱን ጨርሶ ራሱን ችሎ የቡድን መሪ ለመሆን የሚዘጋጅ ተመራማሪ ነው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚጠቅመው ሰው እሱ ይመስለኛል። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያውቀው፣ ኮዳችሁን የሚያይላችሁ፣ «ይህን ትንተና የሚያግዘኝ ሰው ቢኖር» ብሎ የሚመኘውም እሱ ነው። የዶክትሬት ተማሪዎች በአሜሪካ አምስት ስድስት ዓመት፣ በአውሮፓ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ዓመት ይቆያሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጥናት አለው።

ሪሰርች አሲስታንት የሚባለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ለሁለት ዓመት ያህል የሚቀጠር ሰው ነው። ተሳታፊ ይመለምላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ የስምምነት ቅጽ ያስፈርማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ዳታ ያደራጃል። አባላቱ ውስጥ ስሙ ዝቅ ብሎ ቢጻፍም እሱ ከሌለ ጥናቱ ይቆማል። ላብ ማኔጀሩ ደግሞ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱን ወረቀት፣ የስካነሩን ቀጠሮና የተሳታፊዎችን ክፍያ ይይዛል። ክፍት ቦታ መኖሩን ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋቸው ሌሎች ባለሙያዎችም አሉ። የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስቱና የኤምአር ፊዚክስ ባለሙያው በአብዛኛው የአንድ ቡድን ሠራተኞች አይደሉም፤ ብዙ ቡድኖች በጋራ የሚገለገሉበት የምስል ማዕከል ሠራተኞች ናቸው። ማዕከሉ ለእያንዳንዱ የስካን ሰዓት ብዙ መቶ ዶላር ስለሚያስከፍል፣ አንድ ሰዓት በከንቱ የሚያቃጥል ረዳት ቶሎ ይታወቃል። በፔት (ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት ለተሳታፊው ተሰጥቶ አንጎል በሚነሳበት ዘዴ) የሚሠራ ማዕከል ከሆነ ኬሚስቶችም አሉ፤ ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው፣ ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው ግማሹ ስለሚጠፋ መድኃኒቱ ተሠርቶ ወደ ተሳታፊው የሚደርሰው ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደሙ ነው። ያልተጠበቀ ነገር በምስሉ ላይ ሲታይ የሚጠራ ራዲዮሎጂስትም አለ።

አንዳንዶቹ ማዕከላት የዘርፉን መሣሪያዎች የሠሩ ናቸው። ፍሪሰርፈር የተባለው የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አካል ከሆነው የማርቲኖስ ማዕከል ወጣ፤ ኤፍኤስኤል ከኦክስፎርድ፣ ኤስፒኤም ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን። አፍኒ በዊስኮንሲን ተጀምሮ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ይጠበቃል። ይህን ማወቅ ለጌጥ አይደለም፤ አንድ ቡድን በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚሠራ ካወቃችሁ ከማመልከታችሁ በፊት የቱን መለማመድ እንዳለባችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ዘዴ ምረጡ

ኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም አንጎል ሲሠራ የሚቀዳው የኤምአርአይ ዓይነት፣ የነርቭ ሴሎችን ምልክት በቀጥታ አይለካም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲለዋወጥ በማግኔቱ ምልክት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ ይህን በ1990 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በእንስሳት ላይ አሳዩ፤ በ1992 በሰው ላይ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ታተሙ። የደሙ ምላሽ ጫፍ የሚደርሰው አንጎሉ ከሠራ ከአምስት ስድስት ሰከንድ በኋላ ስለሆነ ዘዴው የት የሚለውን በሚሊሜትር፣ መቼ የሚለውን ግን በሰከንድ ነው የሚመልሰው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት ከራስ ቅል ቆዳ ላይ የሚቀዳው ኢኢጂ በተቃራኒው በሺህኛ ሰከንድ ይለካል፤ ምልክቱ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደመጣ መናገር ግን ይቸግረዋል። ሃንስ በርገር የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ የቀዳው በ1924 ነው፤ ዛሬም ከሁሉ ርካሹና ተንቀሳቃሹ እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ለምትጀምሩ የምመክረው ሁለት በር ነው። አንዱ ኢኢጂ፣ ሌላው ሌሎች የቀዱትን የኤምአርአይ ዳታ መተንተን። የምርምር ስካነር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ደግነት ዳታውን በነጻ መስጠቱ ነው።

ደረጃ 3፦ በነጻ ዳታ አንድ ሙሉ ሥራ ጨርሱ

ማመልከቻችሁን ከሌሎች የሚለየው ይህ ክፍል ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

ኦፕንኒውሮ የተባለው የዳታ ማኅደር ውስጥ ዲኤስ000102 የሚል መለያ ያለው ጥናት አለ፤ ለመጀመሪያ ልምምድ እሱን ውሰዱ። 26 ጤናማ ጎልማሶች የተሳተፉበት ነው። ተሳታፊው አምስት ቀስቶች በረድፍ ያያል፤ የመሃለኛው ወዴት እንደሚያመለክት በአዝራር ይመልሳል። የጎኖቹ ቀስቶች ከመሃለኛው ጋር ሲስማሙ መልሱ ይፈጥናል፤ ሲቃረኑ ይዘገያል። ጥያቄው በተቃራኒዎቹ ጊዜ ይበልጥ የሚሠራው የአንጎል ክፍል የትኛው ነው የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል፣ ዳታው ትንሽ፣ የሚጠበቀው መልስም የታወቀ ስለሆነ ስትሳሳቱ ታውቁታላችሁ።

በመጀመሪያ የሊኑክስን የትእዛዝ መስመር ተለማመዱ፤ ፋይል መፈለግ፣ መቅዳት፣ አንድን ትእዛዝ ለብዙ ሰው ዳታ ደጋግሞ ማስኬድ። ቀጥሎ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ። ሁለቱንም በሚገባ እስክትለምዱ ሳምንታት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ኒውሮዴስክ የተባለው ነጻ መድረክ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሶፍትዌሮች ሁሉ በአሳሽ ውስጥ ይከፍትላችኋል፤ ዳታውም እዚያው ስለሚቀመጥ ኢንተርኔታችሁን ይቆጥብላችኋል። በራሳችሁ ኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ 26ቱንም አታውርዱ። በአንድ ሰው ጀምሩ፣ ሌሊት መስመሩ ሲቀል ቀሪዎቹን ጨምሩ።

ዳታው እጃችሁ ሲገባ ምንም ትንተና ሳትሠሩ ምስሉን ክፈቱና ተመልከቱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። አንጎሉ ሙሉ ነው? የታችኛው ክፍል ተቆርጧል? ግራና ቀኙ በትክክል ተሰይሟል? ተከታታይ ምስሎቹን እንደ ፊልም አጫውቱና ጭንቅላቱ ሲንቀሳቀስ እዩ። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል ጭንቅላቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ብዙ ቡድኖች ያንን ምስል ምልክት ያደርጉበታል። ማየትን የሚዘል ተመራማሪ በኋላ የሚያገኘው ውጤት ከጭንቅላት እንቅስቃሴ ይሁን ከአንጎል ሥራ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ከዚያ ዝግጅቱ ይመጣል፦ እንቅስቃሴን ማስተካከል፣ የሥራውን ምስል (ተሳታፊው ሥራውን ሲሠራ የተቀዳውን) ከሰውዬው የአካል ምስል (የአንጎሉን ቅርጽ ከሚያሳየው) ጋር ማገናኘት፣ ሁሉንም ሰው ወደ አንድ የጋራ የአንጎል ካርታ ማምጣት፣ በመጠኑ ማለስለስ (የእያንዳንዱን ነጥብ ዋጋ ከጎረቤቶቹ ጋር ማቀላቀል)። ኤፍኤምአርአይፕሬፕ የተባለው ፕሮግራም አብዛኛውን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል፤ ቢሆንም ለአንድ ሰው እያንዳንዱን እርምጃ በእጃችሁ አንድ ጊዜ ሥሩት። ቃለ መጠይቅ ላይ «ማለስለስ ለምን ያስፈልጋል?» ሲባል ፕሮግራሙ ስለሚያደርገው ነው ብሎ መመለስ አይቻልም። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰው የተስማሙትንና የተቃረኑትን ጊዜያት ልዩነት አስሉ፣ በቡድን ደረጃ ፈትኑ፣ ውጤቱን በሁለት ገጽ ጻፉ፣ ኮዱን ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አድርጉ። የአንድ ሰው ዳታ ካስወጣችሁ ለምን እንዳስወጣችሁ ጻፉ።

ውጤቱን ስትጽፉ ዘርፉ ራሱን የመረመረባቸውን ጥቂት ሥራዎች አንብባችሁ ይሁን። በ2009 የቀረበ አንድ ጥናት የሞተ የአትላንቲክ ሳልሞን ዓሣ ስካን አድርጎ፣ ብዙ ሺህ ፈተናዎች አንድ ላይ ሲሠሩ እርማት ካልተደረገ በሞተ ዓሣም ውስጥ «የነቃ» ነጥብ እንደሚገኝ አሳየ። በ2016 በስታቲስቲክስ አሠራሮች ላይ የተደረገ ምርመራ በሰፊው የሚሠራባቸው የተለመዱ የትንተና መንገዶች ከሚገባው በላይ የውሸት ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ አስረዳ። በ2020 ደግሞ 70 ቡድኖች አንድ ዓይነት ዳታ ተሰጥቷቸው ዘጠኝ ግምቶችን ፈተኑ፤ ሁለት ቡድን እንኳ ፍጹም አንድ ዓይነት የትንተና መንገድ አልተከተለም፣ መደምደሚያቸውም በብዙ ቦታ ተለያየ። በ2022 የወጣው ሌላ ጥናት ከባሕርይ ልዩነት ጋር የአንጎልን ልዩነት ለማገናኘት ብዙ ሺህ ሰው እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። እነዚህን የሚያውቅ ጀማሪ የራሱን 26 ሰው ውጤት ሲያቀርብ ልኩን ጠብቆ ይናገራል። ጥሩ ቡድን የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ብቻችሁን መማር የሚከብዳችሁ ከሆነ ከ2020 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሰጠው ኒውሮማች አካዳሚ ክፍያውን በየአገሩ የኑሮ ደረጃ ያስተካክላል። ካሜራ የተባለው ለአፍሪካ የኤምአርአይ ትምህርትና ምርምር የቆመ ኅብረትም ወጣት አፍሪካውያንን በሕክምና ምስል ትንተና የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለው።

ደረጃ 4፦ ቡድን መምረጥና መጻፍ

የአባላቱን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ አንብቡ። የቀድሞ አባላት የት ደረሱ? ሪሰርች አሲስታንቶቹ ወደ ዶክትሬት ገብተዋል? ስማቸው በታተሙ ጽሑፎች ላይ አለ? ተማሪዎች ሳይጨርሱ የሚለቁበት ቡድን ከሆነ ዝነኛ ቢሆንም አስቡበት። ቀጥሎ የቡድኑን የመጨረሻ ሁለት ጽሑፎች የአሠራር ክፍል በጥንቃቄ አንብቡ፤ ምን ስካነር፣ ምን ሶፍትዌር፣ ስንት ሰው፣ ምን ጎደላቸው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ በስልክ ሳያንሸራትቱ የሚነበብ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትጠይቁ፣ በሁለተኛው ከጽሑፋቸው ውስጥ የያዛችሁን አንድ የተለየ ነጥብ፣ በሦስተኛው ያጠናቀቃችሁትን ሥራ ከነማስፈንጠሪያው፣ በአራተኛው በመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ። የሕይወት ታሪካችሁን ከልጅነት አትጀምሩ፤ የውዳሴ ቃላትንም ቀንሱ፤ እኛ ዘንድ አክብሮት የሆነው እዚያ ጊዜ ማባከን ይሆናል። አጠራሩ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ «ዶክተር» ብለን የራስን ስም እናስከትላለን፤ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ግን ከማዕረጉ በኋላ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ተዉት። በዚያው ጊዜ ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ወይም ፖስትዶክ ስለ ቡድኑ አሠራር ሁለት ጥያቄ ጻፉ፤ መልስ ከእነሱ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

በአሜሪካ የዶክትሬት ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆች ዲሴምበር ወር አካባቢ ስለሆነ መጻፍ የሚጀመረው በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ቃለ መጠይቁ ከገና በኋላ ባሉት ወራት ይሆናል፤ የገንዘብ ድጋፍ ያለውን ግብዣ ለመቀበል አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት የመጨረሻ ቀን በፈረንጆች ኤፕሪል 15 ነው። ዶክትሬቱ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ወርሃዊ መተዳደሪያ ይሰጣል፤ በራስ ገንዘብ መግባት አያስፈልግም። የማመልከቻ ክፍያ ለመክፈል አቅም ከሌላችሁ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ። ረዳት ሆኖ መቀጠር ግን ለውጭ ዜጋ በቪዛ ምክንያት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው በቀጥታ ለዶክትሬት ወይም በአውሮፓ ለማስተርስ ከነስኮላርሺፑ ማመልከት ነው።

በአሜሪካ ላደጋችሁ መንገዱ ይለያል። ኮሌጅ እያላችሁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በፈቃደኝነት ወይም ለክሬዲት ግቡ። ሜሪላንድ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቀው ቤተስዳ ውስጥ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እንዳሉ ያውቃሉ። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለጨረሱ ዜጎችና የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው የሚከፈልበት የምርምር ልምምድ ፕሮግራም አለ። አፍኒን የሚሠራው ቡድን የሚገኘውም እዚያው ግቢ ነው። የቅጥር ሁኔታው ስለሚለዋወጥ ወቅታዊውን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራን ብዙ ተማሪ ያስተማሩ ናቸው፤ ስማችሁን ቢያስታውሱ እንኳ ሥራችሁን ላያስታውሱ ይችላሉ። የሁለት ገጹን ሪፖርትና ምን ምን እንድትጠቅሱልኝ እፈልጋለሁ የሚል አጭር ማስታወሻ ስጧቸው። ቢያንስ ከወር በፊት።

ደረጃ 5፦ ቃለ መጠይቅ

በብዛት የሚጠየቀው ስለ ሠራችሁት ሥራ ነው። ምን አልሠራ አለ፣ እንዴት አወቃችሁ፣ ምን ቀየራችሁ። የማታውቁትን «አላውቀውም፤ እንዲህ አድርጌ አጣራዋለሁ» በሉ። እናንተም ጠይቁ፦ ጀማሪን በየቀኑ የሚመራው ማነው? የጸሐፊነት ቅደም ተከተል መቼ ይወሰናል? ለስካነር ሥልጠና ስንት ጊዜ ይሰጣል?

ደረጃ 6፦ የስካነሩ ክፍልና ተሳታፊው

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባርና የማግኔት ደኅንነት ሥልጠና ነው። ሁለተኛውን እንደ ወረቀት ሥራ አትዩት። የ3 ቴስላ ማግኔት ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል 60,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ሁልጊዜም በርቷል፤ ሌሊትም፣ ማንም በሌለበትም፣ የሕንፃው መብራት ሲጠፋም። በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ስካነሩ ውስጥ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ሞቷል። በሩን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ የጽዳት ሠራተኛም ቢሆን ሳይጣራ አይገባም፤ ታላቅን ማስቆም ያሳፍራል ብላችሁ ዝም የምትሉበት ቦታ ይህ አይደለም። ተሳታፊው ውስጥ እያለ ቢታመም መጀመሪያ ከማግኔቱ ክፍል ይወጣል፣ ርዳታው ከዚያ ይቀጥላል።

የማጣሪያ ቅጹ ስለ ልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ ስለተደረገ ክሊፕ፣ በጆሮ ውስጥ ስለተተከለ መሣሪያ ይጠይቃል። ቅጹን አንብቦ ማስፈረም ብቻ አይበቃም፤ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። ብየዳ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይን ውስጥ የቀረ ጥቃቅን ብረት እይታን ሊያጠፋ ይችላል። ውትድርና ነበሩ? ፍንጣሪ በሰውነት ውስጥ ቀርቷል? ከኢትዮጵያ የመጡ ተሳታፊዎችን ስትቀበሉ ይህ ጥያቄ በትክክል የሚመለከታቸው ብዙ አባቶች አሉ፤ «ድሮ የዳነ ነው» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል፣ የሻሽና የሂጃብ መርፌ፣ ሹሩባ ውስጥ የተደበቀ የፀጉር ቅንጥብ፣ ብረት ያለበት ክር የተሰፋበት የፀጉር ቅጥያ ሁሉ ይታያል። ንቅሳት ያላቸው እናቶች ካሉ አስቀድማችሁ ለቴክኖሎጂስቱ ንገሩ፤ በአንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለ የብረት ውሁድ ሊሞቅ ይችላል። መስቀሉን ሲያወልቁ በክብር ተቀበሉና የሚያዩበት ቦታ አስቀምጡላቸው።

ስለ ፀጉር አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው። የኢኢጂ ኤሌክትሮድ የራስ ቅልን ቆዳ መንካት አለበት፤ የተለመዱት ቆቦች የተሠሩት ግን ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉርን አስበው ነው። በዚህ የተነሳ ወፍራምና የተጠቀለለ ፀጉር ወይም ሹሩባ ያላቸው ሰዎች ከጥናት ሲቀሩ ኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ «የሰው አንጎል» ተብሎ የሚጻፈው የእነሱን አያካትትም። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ቡድን በ2020 ሹሩባ መካከል የሚገባ ሴቮ የተባለ ኤሌክትሮድ አቅርቧል። መሣሪያው ባይኖራችሁም ቀጠሮ ስትይዙ ስለ ፀጉር አሠራሩ በአክብሮት ጠይቁ፣ መሥመሮቹ በኤሌክትሮዱ ቦታ እንዲሄዱ የሚሠራበትን መንገድ ተነጋገሩ፣ ረዘም ያለ ጊዜ መድቡ፣ ጄሉን የሚያጥቡበት ቦታና ፎጣ አዘጋጁ። ሹሩባ ከእናቷ የተማረች የቡድን አባል እዚህ ላይ ማንም የማይተካት ባለሙያ ናት፤ እውቀቷን የአሠራር መመሪያው ውስጥ ትጻፈው።

ስምምነት የሚባለው ፊርማ ሳይሆን መረዳት ነው። ተሳታፊው በማንኛውም ሰዓት ያለ ምክንያት ማቆም እንደሚችል በራሱ ቋንቋ ይስማ። አማርኛ ለሚናገር ሰው በቦርዱ የጸደቀ የአማርኛ ቅጽ ይኑር፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ልጅ አባቱን የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። የሚጨበጠውን ማንቂያ ስጡና አስጨብጣችሁ ሞክሩ፤ የጆሮ መከላከያውን ራሳችሁ አረጋግጡ። በየስካኑ መካከል ድምፃችሁን አሰሙት፦ «ደህና ነዎት? ቀጣዩ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጭንቅላትዎን እንዳያንቀሳቅሱ።»

ሲወጣ ሁሉም «ምን ታየ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ስካን ለምርመራ እንዳልሆነ፣ እናንተም ምስል አንብባችሁ የምትናገሩ ሐኪም እንዳልሆናችሁ በግልጽ ንገሩት። አንዳች ነገር ያያችሁ ቢመስላችሁ ፊታችሁ ሳይለወጥ ጨርሳችሁ በቡድኑ ሥርዓት መሠረት ለዋና ተመራማሪውና ለራዲዮሎጂስቱ አሳውቁ። «ምንም የለም፣ ጤነኛ ነዎት» ማለትም እንደዚያው የተከለከለ ነው፤ ሰውየው ያንን ይዞ ሐኪም ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዳታውን መያዝ

ስም ከዳታው ጋር አብሮ አይሄድም፤ መለያ ቁጥር ብቻ። ከአካል ምስሉ የሰው ፊት መልሶ ሊሠራ ስለሚችል ለሌላ ከመተላለፉ በፊት ፊቱ ይነሳል። በግል ፍላሽ አታስቀምጡ። ፋይሎቹን በ2016 በወጣውና ዛሬ አብዛኛው ዘርፍ በሚሠራበት ቢድስ በተባለው ስምምነት መሠረት ሰይሙ፤ በደረጃ 3 የተለማመዳችሁት ዳታ የተደራጀው በዚሁ ነው። ጥሬውን ፈጽሞ አትንኩት፤ በቅጂ ላይ ብቻ ሥሩ። በስካን ቀን የሆነውን ሁሉ በመዝገብ ጻፉ፤ ተሳታፊው አስነጠሰ፣ አዝራሩ አንድ ጊዜ አልሠራም፣ ሦስተኛው ዙር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ እንግዳ ቁጥር ሲታይ መልሱ ያለው እዚያ መዝገብ ላይ ነው። ዳታውን በተቀዳበት ቀን ክፈቱና እዩት፤ የተበላሸ ገመድ ዛሬ ከታወቀ አንድ ሰው ነው የጠፋው፣ ከወር በኋላ ከታወቀ ግን ብዙ።

ደረጃ 8፦ ድምፅና ስም

በብዙ ቡድን ፕሮፌሰሩ በራሱ ስም ይጠራል፤ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይም ከታናሹ ጀምሮ ሁሉም ይጠይቃል። በታላቅ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ያደገ ሰው እዚያ ዝም ሲል እንዳልገባው ይቆጠርበታል። ይሉኝታው በአንድ ቀን አይለቅም። በየስብሰባው አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ግቡ፤ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ አያስፈልግም።

ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ በፊት ስማችሁን ወስኑ። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን መጽሔቶቹ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙታል። አንድ ሰው በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም፣ በሦስተኛው ደግሞ በሌላ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሲወጣ ሦስት ሰው ይመስላል። በፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር የሚስማማ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ አውጡ፣ በሁሉም ቦታ እሱን ተጠቀሙ።

የጸሐፊነት ነገር ሥራው ሳይጀመር ይነሳ። ብዙ መጽሔቶች ክሬዲት የተባለውን 14 የሥራ ድርሻ ያለው ዝርዝር ይጠቀማሉ፤ ዳታ መሰብሰብም፣ ሶፍትዌር መጻፍም፣ ዳታ ማደራጀትም በስም ተለይተው አሉበት። ዝርዝሩን ይዛችሁ «የእኔ ድርሻ የትኞቹ ይሆናሉ?» ብላችሁ ለፖስትዶኩ ጠይቁት፤ የተስማማችሁበትን በኢሜይል አስፍሩ። ቡድኑን ስትለቁ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ስለሚዘጋ በጽሑፉ ላይ የማይለወጥ አድራሻ አስገቡ። ኮዱን፣ መዝገቡንና ያላለቀውን ሥራ ለሚተካችሁ ሰው ጽፋችሁ አስረክቡ፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም ሥራችሁ በሁሉም አእምሮ ትኩስ እያለ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።